ትንሿ አምባዛ ጢሟ እያለቀ ነው፤ መድኃኒቱን ልጨምርበት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። የ12 ዓመት ልጄ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጣት የምታክል አምባዛ ይዞ መጣ። አጥማጆቹ ናቸው የሰጡት። በቅርቡ ከገዛንለት 60 ሊትር አኳሪየም ውስጥ ከ4 ትንንሽ ቆሮሶዎች ጋር አደረግናት። ዳቦና የተከተፈ ጥሬ ሥጋ እንሰጣቸው ነበር። 3 ሳምንት ያህል ደህና ቆየች፤ ከዚያ መብላት አቆመች። ጢሟ አጥሯል፣ ጫፉም ቀልቷል። ገላዋ ላይ ስስ ነጭ ነገር ይታያል። ቆሻሻ ይሆናል ብዬ ውሃውን በሙሉ ደፋሁት፤ ጠጠሩንና የፊልተሩን ስፖንጅ በበረኪና አጠብኩ። ልጄ ደግሞ የለመደችው ውሃ ይሻላታል ብሎ ከሐይቁ በጀሪካን አምጥቶ ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ባሰባት፤ አፏን ወደ ላይ አድርጋ ተንጠልጥላ ነው የምትውለው። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የቴትራሳይክሊን ዱቄት ሰጥተውኛል። ልጨምርበት? ወይስ ጎረቤቶቼ እንደሚሉት ወደ ሐይቁ ትመለስ? ልጄ ምግብም አልበላ ብሎኛል።

ምላሽ፦

ዱቄቱን አይጨምሩ። ወደ ሐይቁም አትመለስ። ዛሬ ማታ የሚያስፈልግዎት ሰፊ ሳፋ፣ ያደረ የቧንቧ ውሃና ጨው ነው። ምክንያቱን ላስረዳዎት፤ ሳይገባዎት ቢሠሩት መሐል ላይ ሌላ ነገር መሞከር ያምርዎታልና።

ከጻፉልኝ ስነሳ ዓሣዋን መጀመሪያ ያጠቃት ጀርም አይመስለኝም። ውሃው ነው ያቃጠላት። ዓሣ በስንጥቧ በኩል አሞኒያ ታስወጣለች። ያልተበላ ሥጋና ዳቦ ሲበሰብስም አሞኒያ ይሆናል። በቆየ አኳሪየም ውስጥ ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ አኳሪየም ውስጥ በበቂ መጠን ለመራባት ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስድባቸዋል። የእርስዎ ገና 3 ሳምንቱ ነበር። መርዙ የሚጠራቀምበት ጊዜ ላይ ነው ማለት ነው። የጢሟ ጫፍ መቅላትና ማጠር፣ ገላዋ ንፍጥ ማውጣቱ፣ ምግብ መተዋ፣ ሁሉም ከዚህ ጋር ይሄዳል። አምባዛ ቅርፊት የላትም። ውሃው ቆዳዋን በቀጥታ ያገኘዋል።

በረኪናው የመጡትንም ጥቂት ባክቴሪያዎች ጠራርጎ ጨረሳቸው። አኳሪየሙ ፏ ብሎ ሊታይዎት ይችላል፤ ሥራውን ግን ከዜሮ ጀምሯል። በረኪናው በደንብ ካልታጠበ ደግሞ ክሎሪኑ በራሱ ስንጥብ ያቃጥላል። ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ ውሃም ክሎሪን አለው።

የሐይቁን ውሃ ጉዳይ ግን ብዙ ሰው ስለሚያደርገው ሰፋ አድርጌ ልናገር። የልጅዎ ሐሳብ ክፉ አይደለም። የዓሣዋ አገር ነው፣ ይስማማታል ብሎ ነው። ችግሩ አሞኒያ ሁለት መልክ ያለው መሆኑ ነው። አንዱ ብዙም አይጎዳም፣ ሌላው ገዳይ ነው። የትኛው እንደሚያመዝን የሚወስነው በዋናነት የውሃው ፒኤች፣ ማለትም አሲድ ወይም አልካላይን መሆኑን የሚያሳየው ቁጥር ነው። ውሃው 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ፒኤቹ 7 ከሆነ ገዳዩ ድርሻ 1 ከመቶ እንኳ አይሞላም። ፒኤቹ 8 ሲደርስ 5 ከመቶ ገደማ ይሆናል። 9 ላይ ከሲሶ ይበልጣል። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ እንደ ብዙዎቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አልካላይን ነው፤ ፒኤቹ ከ8 በላይ ነው። እዚያ ሐይቁ ውስጥ ይህ ዓሣዎቹን አይጎዳም፤ አሞኒያው በዚያ ሁሉ ውሃ ይበተናል፣ አልጌውና ሣሩም ይወስደዋል። የተጠራቀመ አሞኒያ ባለበት ጠባብ መስታወት ውስጥ ግን ያው ውሃ ሲጨመር እንቅልፍ ላይ የነበረውን መርዝ ይቀሰቅሰዋል። በዚያ ላይ በጀሪካኑ ውስጥ ተውሳክ አብሮ ይገባል። ስለዚህ የሐይቅ ውሃ ከእንግዲህ ይቅር።

አሁን ወደ ሥራው እንሂድ።

30 ሊትር ያህል የሚይዝ ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ ያዘጋጁ። ኦሞ ነክቶት የማያውቅ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ካልሆነ በውሃ ብቻ ደጋግመው ያለቅልቁት። ውስጡ 20 ሊትር ውሃ ያድርጉ። ውሃው ክፍት ዕቃ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀንና ሌሊት የቆየ ይሁን። በበርሜል ያጠራቀሙት ካለ እሱን ይጠቀሙ። የሮቶ ውሃ ግን ተከድኖ ስለሚቆይ ክሎሪኑ ላይወጣ ይችላል፤ ቀድተው ገላልጠው ያቆዩት። ምንም የቆየ ውሃ ከሌለዎትና ዓሣዋ እየተጨነቀች ከሆነ፣ የቧንቧውን ውሃ ከባልዲ ወደ ባልዲ ከፍ አድርገው ደጋግመው ይገልብጡት፤ ከዚያ የአየር ፓምፑን ጥቂት ሰዓት ያስነፉበት። ማቆየትን ያህል አይሆንም፣ ግን ክሎሪኑን በጣም ይቀንሰዋል።

ውሃው ለምን 20 ሊትር ብቻ ሆነ? አምባዛ በስንጥቧ ብቻ አይደለም የምትተነፍሰው። ከስንጥቧ በላይ እንደ ትንሽ የዛፍ ቅርንጫፍ የተከፋፈለ አካል አላት፤ በሱ አየር ትወስዳለች። ጤነኛ ስትሆን ልብ ብለው ይዩዋት፦ ከታች ትፈናጠራለች፣ አፏን ከውሃው ላይ ብቅ አድርጋ አንድ ጊዜ ትጎነጫለች፣ ስትመለስ ከስንጥቧ ክዳን አረፋ ይወጣል፣ ከዚያ ታች ትተኛለች። ይህ በሽታ አይደለም፤ ተፈጥሮዋ ነው። በሽታው እላይ ተንጠልጥላ መቅረቷ ነው። ስንጥቧ ተቃጥሎ በሱ መተንፈስ ስላቃታት በአየሩ ብቻ ልትኖር እየታገለች ነው። የደከመች ዓሣ ከጥልቅ ውሃ እየተነሳች አየር ስትጎነጭ ያላትን ጉልበት ትጨርሳለች። ስለዚህ ውሃው ከ15 ሳንቲሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

ሳፋውን በአጎበር ቁራጭ ይሸፍኑት፣ ዙሪያውን በገመድ ይሰሩት። አምባዛ ታማም ቢሆን ትዘላለች፤ ጠዋት ወለል ላይ ደርቃ የተገኘች ብዙ ናት። በአጎበሩና በውሃው መካከል ክፍተት ይኑር፤ የምትጎነጨው አየር ከዚያ ነው። የውሃ ቧንቧ ቁራጭ አንድ ስንዝር የሚያህል ታች ያስቀምጡላት፤ ውስጡ ትደበቃለች። ሳፋው ጨለም ያለ ጥግ ይሁን። አምባዛ የሌሊት ዓሣ ናት፤ ብርሃን ያስጨንቃታል።

ስታዘዋውሯት በመረብ አይያዟት። ከጭንቅላቷ ጀርባ በግራና በቀኝ ባሉት ክንፎች መነሻ ላይ ጥርስ ያለው እሾህ አላት። ስትደነግጥ ቀጥ አድርጋ ትቆልፈዋለች፤ ከመረቡ ጋር ይያያዝና ለማላቀቅ ሲታገሉ ቆዳዋ ይላጣል። የልጅዎንም እጅ ሊወጋ ይችላል። ጆግ ውሃው ውስጥ ይንከሩ፣ ቀስ ብለው በሱ ውስጥ ያስገቧት፣ ከነውሃው ያውጧት። ጆጉ ላይ የሳፋውን ውሃ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በትንሽ በትንሹ ይጨምሩበት። ከዚያ የጆጉን ውሃ ደፍተው እሷን ብቻ ወደ ሳፋው ያንሸራትቷት።

ሙቀቱ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ሐዋሳ ቀን ቢሞቅም ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ሳፋ ውስጥ ያለ ውሃ ከ20 ዲግሪ በታች መውረዱ አይቀርም። ያኔ መፈጨቱም መከላከሉም ይዳከማል። ሂተር ካለ እሰየው። ከሌለ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልተው፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርገው ሳፋው ላይ ያንሳፉት፤ ሲቀዘቅዝ ይቀይሩት። ሙቅ ውሃ በቀጥታ እንዳይገለብጡባት አደራ። መብራት ቢጠፋ ብዙ አይደንግጡ፤ አየር መጎንጨት እስከቻለች ድረስ ፓምፑ ለጥቂት ሰዓት ቢቆም አይገድላትም።

ጨዉን እንዲህ ያድርጉት። በመጀመሪያ በሊትር 1 ግራም፣ ማለትም ለ20 ሊትር 20 ግራም። ሞልቶ ያልተቆለለ አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው 5 ወይም 6 ግራም ነው፤ ስለዚህ 3 ማንኪያ ተኩል ገደማ ይበቃል። በሌላ ዕቃ በደንብ አሟሙተው ከዓሣዋ ራቅ አድርገው ቀስ ብለው ያፍስሱ። 12 ሰዓት ያህል ቆይተው ሌላ 20 ግራም፣ በማግስቱ ሌላ 20 ግራም። በሊትር 3 ግራም ላይ ያቁሙ። አዮዲን ያለው ጨው ነው ብለው አይጨነቁ፤ በዚህ መጠን የሚገባው አዮዲን ኢምንት ነው። ጨዉ ሁለት ነገር ይሠራል። የተጎዳ ቆዳና ስንጥብ ውሃ ወደ ውስጥ ያሳልፋል፣ የገላዋ ጨው ደግሞ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ጨው ያለበት ውሃ ያንን ትግል ያቀልላታል። ሁለተኛ፣ በጨዉ ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይት ወደ ደሟ እንዳይገባ መንገድ ይዘጋል። ክሎራይድና ክሎሪን ስማቸው ይቀራረብ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው።

በየቀኑ 8 ሊትር ቀድተው ያውጡ፣ 8 ሊትር ተመሳሳይ ሙቀት ያለው ያደረ ውሃ ይተኩ። ሳፋው ፊልተር የለውም፤ ፊልተሩ እርስዎ ነዎት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በየቀኑ የሙሉ ሳፋውን ጨው እንደገና ይጨምራል። በአራት ቀን ውስጥ ዓሣዋ ጨው ውስጥ ትቀመጣለች። የሚጨምሩት ለተተካው 8 ሊትር ብቻ፣ ማለትም 24 ግራም ነው። በትነት የቀነሰውን ደግሞ ጨው በሌለው ውሃ ይሙሉት፤ ጨው አይተንምና።

ለመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ምንም አያብሏት። እናቶች ይህን ሲሰሙ አይወዱም። ግን ዓሣ እንደኛ ገላዋን ለማሞቅ ምግብ አታቃጥልም፤ የዚያን ያህል ቀን ባትበላ ምንም አትሆንም። አሁን የምትተፋው ቁራሽ እንደገና አሞኒያ ነው።

በሦስተኛው ቀን የሞባይልዎን መብራት ከጎን ያብሩባትና ነጩን ነገር በደንብ ይዩት። ግራጫ፣ ስስ፣ ገላዋን ሁሉ እንደ ጉም የሸፈነ ከሆነ ንፍጥ ነው፤ በውሃውና በጨዉ ብቻ እየጠራ ይሄዳል። አንድ በአንድ የሚቆጠር የሰሞሊና ቅንጣት የመሰለ ነጥብ ከሆነ ግን የነጭ ነጥብ በሽታ ነው፤ ተውሳክ ነው። ቆዳዋ ውስጥ ተቀብሮ እያለ ጨውም ሆነ መድኃኒት አያገኘውም። የሚሞተው ጠግቦ ወድቆ፣ ታች ተከፋፍሎ ሌላ ዓሣ ፍለጋ ሲዋኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ነጥቦቹ ጠፉ ብለው አያቁሙ፤ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ከ28 እስከ 30 አድርሰው፣ ጨዉን በሊትር 3 ግራም አድርገው እስከ 2 ሳምንት ይቀጥሉ። በዚህ ላይ በየቀኑ የሳፋውን ታች በቱቦ መምጠጥ ብዙ ይረዳል። ጥጥ የመሰለ ጸጉራም ነገር ከሆነ ደግሞ ፈንገስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚበቅለው ቀድሞ በተጎዳ ቆዳ ላይ ስለሆነ ያው ጨዉና ንጹሕ ውሃው ነው መድኃኒቱ።

የምፈራው አራተኛውን ነው። አፏ ዙሪያ ወይም ጀርባዋ ላይ ዳሩ ቢጫ ያለው ነጭ ግራጫ መደብ ካዩ፣ ቆዳውም እየተበላ ከሆነ፣ ኮለምናሪስ የሚባል የባክቴሪያ በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህ በሙቀት ይብሳል፤ ስለዚህ ሙቀቱን ከ25 አያሳልፉት። ጨዉን ይቀጥሉና በዚያው ቀን ባለሙያ ያሳዩ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ቅርብዎ ነው፤ የዓሣና የእንስሳት ሕክምና ሰዎች አሉበት። ቤት ውስጥ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት የሚባለውን ሐምራዊ የጀርም ማጥፊያ ገምቶ መጨመር ይቅር። መጠኑ በሚሊግራም የሚለካ ነገር ነው፤ በማንኪያ ጫፍ የሚገመት አይደለም።

ቴትራሳይክሊኑ ለምን አይሆንም? የዚህ መድኃኒት ዘር ውሃ ውስጥ ካለ ካልሲየምና ማግኒዥየም ጋር ይተሳሰርና ወደ ዓሣዋ ሳይገባ ይቀራል። ውሃው ይደፈርሳል፣ አዲስ ሊራቡ የጀመሩት ባክቴሪያዎች ይጎዳሉ፣ በሽታው ካለም መድኃኒቱን ይለምዳል። የባክቴሪያ በሽታ ሆኖ ሲገኝ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ በምግብ ውስጥ ተለክቶ፣ ለተወሰኑ ቀናት ሳይቋረጥ ነው። የማትበላ ዓሣን በዚያ መንገድ ማከም አይቻልም። ዱቄቱን የሰጡዎት ሰው ሊረዱዎት ፈልገው ነው፤ ለበግ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ሌላ ነበር።

መሻሻሏን በሁኔታዋ ያውቁታል። መጀመሪያ መንጠልጠሉን ትታ ቧንቧው ውስጥ ትገባለች። ከዚያ ያ ፈጣን ወጣ ገባ ይመለሳል። ጢሟን ወደ ፊት ዘርግታ ታች መፈለግ ከጀመረች ርቧታል። ያኔ ማታ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ የመሬት ትል በደንብ አጥበው አንድ ፍሬ ምስር የሚያክል ይቁረጡላት። በልታ ከጨረሰች በማግስቱ ሁለት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተረፈ ካለ ያውጡት። ልጅዎ ይህን ሥራ ቢይዝ ጥሩ ነው፤ ማታ ማታ በቀጭን ብርሃን መጠበቅ ልጆች ይወዱታል። እጁ ላይ ቁስል ካለ ግን ውሃው ውስጥ አያስገባ፤ ከነካም በኋላ በሳሙና ይታጠብ።

ዳቦው ግን ለዘለቄታው ይቅር። አምባዛ ትንሽ እያለች ፕሮቲን ያስፈልጋታል፤ ዳቦ ውሃውን ከማበላሸት በቀር አይጠቅማትም። የበሬ ሥጋ ብቻውንም አይበቃም። የዓሣ መኖ ካገኙ ቪታሚን ሲ ያለበትና ያልቆየ ይምረጡ። ይህ ቪታሚን ለረጅም ጊዜ ሲጎድል የአምባዛ የራስ ቅል እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል። ጢሟን በተመለከተ፣ ከሥሩ ካልተበላ መልሶ ያድጋል።

ቆሮሶዎቹን እንዳይረሱ። እነሱም ያው ውሃ ውስጥ ናቸው፤ እንደ አምባዛ አየር መጎንጨት ደግሞ አይችሉም። ሐዋሳ ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ወደ አንድ አምስተኛ ያንሳል። ፓምፑ ለእነሱ ያለማቋረጥ ይንፋ። በየቀኑ ሲሶውን ውሃ ባደረ የቧንቧ ውሃ ይቀይሩ፣ ለ2 ቀን አያብሏቸው፣ ከዚያም በጣም በትንሹ። ስፖንጁን ከእንግዲህ ሲያጥቡ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ብቻ ነው። ጤነኛ ዓሣ ያለውና ለብዙ ወራት የሠራ አኳሪየም ያለው ሰው ካወቁ፣ ከስፖንጁ ቁራሽ ይለምኑት። ሳምንታት ይቆጥብልዎታል። የሳፋውን ጆግና ቱቦ ለአኳሪየሙ አይጠቀሙ።

ወደ ሐይቁ መመለስ የሚለውን ጎረቤቶችዎ በቅን ልብ ነው ያሉት። ነገር ግን በዚህ ሁኔታ ብትለቀቅ ያን ቀን አታድርም። ከዳነች በኋላም ቢሆን አልመክርም፤ አኳሪየም ውስጥ የያዘችውን ተውሳክ ይዛ ትሄዳለች፤ የሐይቁ ዓሣ ደግሞ የብዙ ሰው እንጀራ ነው። ሌላው ጉዳይ ግን አለ። አምባዛ ስትደላት ቶሎ ታድጋለች፤ በተፈጥሮዋ ከ1 ሜትር በላይ የምትረዝም ዓሣ ናት። ከጥቂት ወራት በኋላ 60 ሊትሩ አይበቃትም፣ ከዚያ በፊት ደግሞ አፏ የቻለውን ቆሮሶ አንድ በአንድ ትውጣቸዋለች። አንድ ቀን ጠዋት 3 ሆነው ቢያገኙ ሌባ አይፈልጉ። ስትድን ብቻዋን የምትሆንበት ሌላ ዕቃ ያስቡላት፣ ከወዲሁም በአካባቢዎ ኩሬ ቆፍሮ ዓሣ የሚያረባ ሰው ያፈላልጉ። ስትሰጡት መታመሟን፣ መድኃኒት ተሰጥቷት ከሆነም የትኛውና መቼ እንደሆነ ይንገሩት፤ ለብቻዋ ሁለት ሦስት ሳምንት ሳያቆያት ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቅላት።